ወተቱን ሳይሆን ላሚቱን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ግማሽ ዕድሜ፣ ተማሪዎቼ "ሃፍ ላይፍ" ስለሚሉት ነገር፣ ሳስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ ኩርባውን ስዬ፣ "አንድ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በዚህን ያህል ሰዓት ግማሹ ያልቃል፤ በዚያው ያህል ሰዓት ደግሞ የቀረው ግማሹ ያልቃል" እያልኩ ስቀጥል፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ይሄ ነገር እኛ ጋ፣ ቡሬ፣ ምን ይሠራል?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና የተለመደውን መለስኩለት፦ የጥንት አጥንት ዕድሜ ይለካበታል፣ ካንሰር ይታከምበታል። ደወል ተደወለ፣ ወጣሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጁ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የእኔ መልስ ግን የመጽሐፍ መልስ ነው። እውነተኛውን መልስ ደግሞ አውቀው ነበር። አጎቴ እግር ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበራ!

አጎቴን ቤተሰቡ ሁሉ "አያ" ነው የሚለው። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ በገበያ ቀን፣ የበቆሎ ጆንያ የጫነ ጋሪ ተገልብጦ ቅልጥሙ ላይ ወደቀበት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። መጀመሪያ የሄደው ወጌሻ ጋ ነው። እንዳትፈርዱበት፤ ወጌሻው የሰፈሩን ስንት ወለምታና ስብራት ያቃና፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። በቀርከሃ አስሮ አስተኛው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ሲይዘው በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መኪና መንገድ አወጣነው። ሆስፒታል ገባ፣ ቁስሉ ታጠበ፣ ብረት ገባለት፣ ተረፈ። ተመስገን አልን።

በዓመቱ ግን እግሩ ይጠዘጥዘው ጀመር። ቁስሉ ድኗል፣ ቆዳው ገጥሟል፣ ላዩ ላይ ምንም የለም። ሌሊት ሌሊት ግን ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ደግሞ ይተወዋል። ራጅ ተነሳ፤ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም። ደም ተመረመረ፤ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አለ፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ሐኪሙ የማይዋሽ ሰው ነበር። እንዲህ አለን፦ "ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አጥንቱ በራሱ መግጠም አቅቶት ነው፣ ወይ ብረቱ ሥር ባክቴሪያ ተደብቋል። ከፍቼ ካላየሁ መለየት አልችልም። ከፍቼ ምንም ካላገኘሁ ደግሞ በከንቱ ጎዳሁት ማለት ነው።"

ታዲያ ምን ተደረገ? ለስድስት ሳምንት መድኃኒት ተሰጠው፤ ተሻለው፤ መድኃኒቱን ሲጨርስ ተመለሰበት። እንደገና ተሰጠው፤ እንደገና ተመለሰ። በዚህ መሀል ጥንድ በሬ ተሸጠ፣ መሬቱ ለእኩል ተሰጠ፣ ትልቁ ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ። በሁለት ዓመቱ ተከፈተ። ብረቱ ሥር መግል ነበር። ብረቱ ወጣ፣ አጥንቱ ተጠረገ። አያ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ቀልደኛ ነውና ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ፣ "ሌባው ከቤት ተኝቶ እኛ አጥር ስንጠብቅ ከረምን" ይላል።

የሰው ልጅ ያንን ሌባ ለማየት ከመቶ ዓመት በላይ ሲደክም ኖሯል። የድካሙ ታሪክ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሲጀምር የእኛን አገር ይነካል።

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነው። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ መኮንን ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አነሳ። ጥይቶቹ የተቀመጡበት ቦታ ታየው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ በሕክምና ታሪክ የሚጻፈው ይህ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦርም አድዋ ዘምቷል፤ ከሁለቱ ጥይቶች አንዷ ከጎጃሜ ጠመንጃ የወጣች ትሁን አትሁን ማን ያውቃል!

ግን ልብ በሉ። አልቫሮ የፈለገው እርሳስ ነው። ራጅ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ያያል፤ እርሳስ ያያል፣ አጥንት ያያል። ባክቴሪያን ግን አያይም። አጥንት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ ራጅ ላይ ለውጥ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው፤ ከአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶው እስኪጠፋ ድረስም በግልጽ አይለይም። በአያ ቋንቋ ብንናገር፣ ራጅ የሚያሳየው ሌባውን አይደለም፤ ሌባው የወሰደውን ዕቃ ነው። ያውም ግማሽ ጎተራ ከተጋዘ በኋላ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ እዚሁ ቡሬ አጠገብ ያልፋል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የዊንጌት የጌድዮን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ የቡሬን የጣሊያን ምሽግ ያስጨንቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን ጣሊያን ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ አፈገፈገ። ይህን አባቶቻችን ነግረውናል። ያልነገሩን፣ ሊያውቁም የማይችሉት ነገር ግን በዚያው ወር ኦክስፎርድ ላይ እየሆነ ነበር። የካቲት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ ፔኒሲሊን ተወጋ። ፊቱ በኢንፌክሽን ተበልቶ፣ አንድ ዓይኑ ወጥቶ፣ ሊሞት የተቃረበ ሰው ነበር። መድኃኒቱ ሲገባለት ትኩሳቱ ወረደ፣ ምግብ መብላት ጀመረ። ፔኒሲሊኑ ከመጥፋቱ የተነሳ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ይሰጡት ነበር። ከዚያ አለቀ። ኢንፌክሽኑ ተመለሰ፣ ሰውዬው መጋቢት 6 ቀን አረፈ።

እንግዲህ ቡሬ ምሽግ ሥር የቆሰለ አርበኛ መግል ሲይዘው ዕድሉ ፈጣሪና የራሱ ሰውነት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ባክቴሪያ መግደል ተቻለ። ያን ጊዜ ጥያቄው ተለወጠ። "እንዴት እንግደለው?" የሚለው ቀርቶ "አለ ወይስ የለም? ካለስ የት ነው?" የሚለው መጣ። አያ መድኃኒት አላጣም፤ መድኃኒቱን ደጋግሞ ውጧል። ያጣው ምስክር ነው። "እዚህ ነው፣ ከብረቱ ሥር፣ ክፈቱት" የሚል ምስክር።

ያንን ምስክር ፍለጋ የተኬደው በሌላ መንገድ ነው። ራጅ ከውጭ ጨረር ልኮ የሰውነትን ጥላ ያነሳል። የኑክሌር ሕክምና ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ጨረር የሚሰጥ በጣም ትንሽ ነገር በደም ሥር ይገባል፣ ከዚያ የሄደበት ቦታ ራሱ ያበራል፣ ከውጭ ያለ ጋማ ካሜራ ብርሃኑን ይለቅማል። ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ላይ የሠራው ሃል አንገር ነው። ጨረሩ እንደ ፋኖስ ነው። ፋኖስ ደግሞ ብቻውን የትም አይሄድም። ዋናው ጉዳይ ፋኖሱን ማን ይያዘው የሚለው ነው።

መጀመሪያ የያዘው ጋሊየም-67 ነው፤ ፋኖሱም ያዡም ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ኦክ ሪጅ፣ አሜሪካ፣ ኤድዋርድስና ሄይስ ካንሰር ያለበት ቦታ ላይ ሲከማች አዩት። ብዙም ሳይቆይ መግል ያለበት ቦታም ላይ እንደሚከማች ታወቀ። ጥሩ ነው፤ ግን ካንሰሩም፣ መግሉም፣ በመዳን ላይ ያለው ስብራትም እኩል ያበራል። ምስሉን ለማንሳትም አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁሉን ሰው የሚጠቁም ምስክር ምስክር አይደለም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ማክአፊና ታኩር የተባሉ ተመራማሪዎች የተሻለ ዘዴ አመጡ፦ የበሽተኛውን ደም ወስዶ፣ ነጭ የደም ሴሎቹን ለይቶ፣ ኢንዲየም-111 አስይዞ መልሶ መውጋት። ነጭ ሴል የሰውነት ወታደር ነውና ወደ ጦርነቱ ይሄዳል፣ ፋኖሱንም ይዞ ይሄዳል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ግን ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፣ ንጹሕ ላቦራቶሪና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ የሰው ደም መነካካትም አለበት። ደግሞ ነጭ ሴል ጩኸት በሰማበት ሁሉ ይሮጣል። ኡኡታው ከሌባ ይምጣ ከባልና ሚስት ጠብ አያጣራም። ባክቴሪያ በሌለበት ብግነትም ሊሰበሰብ ይችላል።

ቀጥሎ ለንደን ላይ ሶላንኪና ብሪተን የተባሉ ሳይንቲስቶች "ባክቴሪያውን ራሱን የሚይዝ መድኃኒት አለን አይደል?" ብለው ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ አዎ ያንን የምናውቀውን ሲፕሮን፣ ፋኖስ አስያዙት። ስሙን ኢንፌክቶን አሉት። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ በስምንት አገሮች ተሞከረ። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሲፈትኑት፣ ባክቴሪያ በሌለበትም ቦታ ስለሚቀመጥ ክርክር ተነሳበት።

እዚህ ላይ ስለ ፋኖሱ ዘይት ላውራችሁ፤ ለእኛ አገር ዋናው ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

የኑክሌር ሕክምና ዋና ፋኖስ ቴክኒሺየም-99ኤም ይባላል። ቴክኒሺየም ኤሚልዮ ሴግሬና ካርሎ ፔሪየር እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሌርሞ ላይ ያገኙት ንጥረ ነገር ነው፤ በሰው እጅ ተሠርቶ የተገኘ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ስለሆነ ስሙ ከግሪክኛው "ሰው ሠራሽ" ከሚለው ቃል ወጣለት። ቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ለበሽተኛው ይህ በረከት ነው፤ ሥራውን ሠርቶ ቶሎ ይጠፋል። ለመንገድ ግን መርገምት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ የተቀዳ ቴክኒሺየም ማታ 12 ሰዓት ሩቡ ብቻ ይቀራል። በማግስቱ ጠዋት ከ16 እጅ አንዱ። ቡሬ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አውቶቡሱ ጎማ ቢያፈነዳ፣ ዓባይ በረሃ ላይ የጭነት መኪና መንገድ ቢዘጋ፣ ፋኖሱ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ታዲያ ዓለም እንዴት ተጠቀመበት? መልሱ የተገኘው ኒው ዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን በሚባል ላቦራቶሪ ነው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ። ቴክኒሺየም የሚወለደው ከሞሊብዲነም-99 ነው፤ የእናቲቱ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 66 ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁን ከመላክ እናቲቱን በእርሳስ በታጠረ ዕቃ ውስጥ አድርጎ መላክ። ሆስፒታሉ በየጠዋቱ የጨው ውኃ ያሳልፍባትና የተወለደውን ቴክኒሺየም ይቀዳል። ዕቃው በመጽሐፍ ጄኔሬተር ይባላል። ባለሙያዎቹ ግን በቋንቋቸው ምን ይሉታል መሰላችሁ? "ላም።" ሥራውንም "ማለብ" ይሉታል። ቀልዴን አይደለም፤ የኒው ዮርክ ሳይንቲስት የሚያወራው እንደ ጎጃም ገበሬ ነው።

አስቡት። ወተት ቡሬ ሳይደርስ የሚበላሽ ከሆነ የጎጃም ገበሬ ምን ያደርጋል? ወተቱን አይጭንም። ላሚቱን ይነዳል። ላሚቱ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ብትውል ብታድር ከኃይሏ 78 በመቶ ገደማ ይዛ ትደርሳለች። በሳምንቱ ከስድስት እጅ አንድ ያህል ይቀራታል፣ ትነጥፋለች፣ ሌላ ትመጣለች።

አሁን ወደ መልእክተኛው እንመለስ፤ የታሪኩ ማማር እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሆላንድ፣ ሌይደን ከተማ፣ ፒተር ሂምስትራና ባልደረቦቹ የአይጥ ማክሮፌጅ ያጠኑ ነበር። ማክሮፌጅ ማለት ባክቴሪያን ውጦ የሚገድል የሰውነት ሴል ነው። "ይህ ሴል የዋጠውን በምን ይገድለዋል?" ብለው ሲፈልጉ አንድ ትንሽ ፕሮቲን አገኙ፤ 59 አሚኖ አሲዶች የተሰደሩበት። ዩቢኩዊሲዲን አሉት። እኛም ሰውነት ውስጥ ያው አለ። ማለትም መሣሪያው ከፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ እኔም አንተም አንቺም ስንወለድ ይዘነው የመጣነው ነው።

እዚያው ሌይደን ማይክል ዌሊንግ፣ ኒበሪንግ፣ ፓውልስና ጓደኞቻቸው ቀጠሉበት። ፕሮቲኑን ቆራርጠው የትኛው ቁራጭ ባክቴሪያን አጥብቆ እንደሚይዝ ፈተኑ። ከ29ኛው እስከ 41ኛው ያለው ቁራጭ፣ 13 አሚኖ አሲድ ብቻ፣ ተመረጠ። እንዲህ ያለውን አጭር ሰንሰለት ነው ፔፕታይድ የምንለው። ለምን ያዘ? የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እዚህ ላይ ደስ ይለኛል። ከ13ቱ ስድስቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። የባክቴሪያ ሽፋን ውጪው ኔጌቲቭ ነው፤ የእኛ ሴል ውጪው ግን ወደ ገለልተኛ የቀረበ ነው። ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ። ያ ዘጠነኛ ክፍል የምናስተምረው ነገር፣ ጓደኛንና ጠላትን የሚለይ ዓይን ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤታቸውን አሳተሙ። ባክቴሪያ በተሰጣቸው አይጦችና ያለ ባክቴሪያ ብግነት ብቻ በተነሳባቸው አይጦች ላይ ቴክኒሺየም የያዘ ፔፕታይድ ሞከሩ። ባክቴሪያ ያለበት ታፋ አበራ። ያበጠው ግን ባክቴሪያ የሌለበት ታፋ አላበራም ወይም በጣም ደበዘዘ። የአያ ሐኪም "መለየት አልችልም" ያለው ይህንን ነበር! ልኩን ይህንን! እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ፦ አንቲባዮቲክ ሲሰጥና በሕይወት ያሉት ባክቴሪያዎች ሲቀንሱ ብርሃኑም አብሮ ይቀንሳል። "መድኃኒቱ ሠርቷል ወይስ ለጊዜው አስተኝቶታል?" ለሚለውም ፍንጭ ነው።

ከሆላንድ በኋላ ታሪኩ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? ወደ ሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ የጊዬርሚና ፌሮ-ፍሎሬስ ቡድን ፔፕታይዱን ከቴክኒሺየም ጋር በቀላሉ የሚያያዝበትን መንገድ ሠራ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወርም አጠና፤ በብዛት በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ፓኪስታን፣ ላሆር ላይ አክታርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የ18 ሰዎችን ጥናት አሳተሙ፤ አጥንታቸው፣ ሥጋቸው ወይም የተተከለላቸው ሰው ሠራሽ አካል ኢንፌክሽን ይዟል ተብሎ የተጠረጠሩ ናቸው። ምስሉን ለማንሳት ጥሩው ጊዜ ከመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ደቂቃ! አያ ሁለት ዓመት ነው የጠበቀው።

ለምን እነ ላሆር? መልሱ ቀላል ነው። ፔፕታይዱ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የደረቀ ዱቄት ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠዋት ላሚቱ ትታለብና ወተቱ ብልቃጡ ላይ ይጨመራል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ በሽተኛው ይወጋል። የደም ሴል መለየት የለ፣ ትልቅ ላቦራቶሪ የለ። የቪየናው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ዝግጁ ብልቃጦችን በተለያዩ አገሮች ለማዳበር የጋራ ምርምር አስተባብሯል። ኢትዮጵያ የዚያ ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተመሠረተበት በ1957 ነው። ማኅበርተኛ ከሆንን ቆይተናል፤ ድግሱ ላይ ነው ያልደረስነው።

ከዚያም ወደ አፍሪካችን መጣ። ፕሪቶሪያ ላይ ቶማስ ኤበንሃን፣ ማይክ ሳቴኬና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ፔፕታይድ ጋሊየም-68 አስያዙትና በሰው ላይ የተነሳውን የመጀመሪያ ምስል እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። ጋሊየም-68 ግማሽ ዕድሜው 68 ደቂቃ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀድቶ በ12 ሰዓት ጉዞ ቡሬ ቢደርስ የሚቀረው ከ1,500 እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። ወተቱ ከቴክኒሺየም ባሰ። ላሚቱ ግን፣ ጀርመኒየም-68፣ ግማሽ ዕድሜዋ 271 ቀን ነው! መንገድ ላይ አንድ ወር ብትቆይ እንኳ 93 በመቶ ያህሏ አለ። በየሳምንቱ ሳይሆን ከዓመት ላላነሰ ጊዜ ትታለባለች። የምትፈልገው ካሜራ ፔት የሚባለው ውድ ዓይነት መሆኑ ነው ችግሯ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ፕሪቶሪያ አጠገብ ፔሊንዳባ ላይ ሳፋሪ-1 በሚባል ሪአክተር ሞሊብዲነም ከሚያመርቱ የዓለም ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። ስለዚህ "ላሚቱ ከባሕር ማዶ ነው የምትመጣው" ማለት አንችልም። አህጉራችን ውስጥ ትረባለች።

እዚህ ላይ ልባችሁ እንዳይሸፍት ደግሞ ልንገራችሁ። ይህ ፔፕታይድ ተአምር አይደለም። በየሆስፒታሉ የሚሰጥ የተለመደ ምርመራ አልሆነም፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ባክቴሪያው እንዳለ ይጠቁማል እንጂ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም፤ ለዚያ ናሙና ወስዶ ማሳደግ የግድ ነው። ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ብርሃኑን ሊያደበዝዘው ይችላል። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ የፊዚክስ አስተማሪና የአንድ ምርኮዛም ሰው የወንድም ልጅ ነኝ።

በአገራችን የኑክሌር ሕክምና ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጥቁር አንበሳ ነው። ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ተነስቶ እዚያ መድረስ ለብዙ ሰው ጥንድ በሬ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ከመሣሪያው ምን ያህል እንደራቅን በኪሎ ሜትር ብቻ አንለካው። በግማሽ ዕድሜ እንለካው። ቡሬ ከአዲስ አበባ በቴክኒሺየም ወተት ሁለት ግማሽ ዕድሜ ትርቃለች። በሞሊብዲነም ላም ስንለካ ግን አንድ ግማሽ ዕድሜ እንኳ አትሞላም። ላሚቱን የሚያሳልፍ ሰላማዊ መንገድ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ የሚቆም አንድ ጋማ ካሜራ፣ የማይቋረጥ መብራትና ማለብ የሚያውቁ ጥቂት ልጆች ካሉ፣ ፊዚክሱ እንቢ አይለንም። ፊዚክሱ ከፈቀደልን ቆይቷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ግን ላሚቱ ባለችበት ትነጥፋለች፤ እሷ ሰው አትጠብቅም፣ ሰዓቷ ይቆጥራል።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ያንን ልጅ ሰሌዳ ጋ አወጣሁት። "አንድ ላም አለች፣ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት ነው። እሑድ ከአዲስ አበባ ብትነሳ ሰኞ ቡሬ ላይ ስንት ይቀራታል?" አልኩት። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ "ላም" ስላልኩ። ልጁ ጠመኔውን ይዞ አሰበ፣ ሠራ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ሠራ። "78 በመቶ አካባቢ፣ ቲቸር" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "ይበቃል እንዴ?" አለኝ።

"ይበቃል" አልኩት። የአያን ታሪክ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ማታ አያ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ አጫወትኩት። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አዳመጠኝና፣ "እና በሬዎቼን ሸጬ ያጣሁትን ሰዎቹ በላም አገኙት በለኛ" አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና፣ "ልጁ ጎበዝ ነው? እንግዲያው እሱ ይማርበት። የኔው ልጅ እንደሆነ አቋርጧል" አለኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

ብረት ገብቶለት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዘው ዘመድ ያላችሁ፣ "ይተወዋል" እያላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ መልሱት፣ "ኢንፌክሽን ነው ወይስ አይደለም?" ብላችሁም ጠይቁ። የኑክሌር ሕክምና የምትሠሩ ወዳጆቼ ደግሞ ያሳሳትኩት ነገር ካለ ከታች አርሙኝ። ተማሪዎቼም ያነባሉና።

በቸር ያገናኘን።